ከዒድ በኋላ ፈትሉ ለምን ይበጠሳል?

  

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግኩት ስለ አካል እንቅስቃሴ፣ በተለይም ጀምረነው በረመዳንና በዒድ ሰበብ ስለምንተወው እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሶላትና ስለ ዘካ ማንበብ የለመዳችሁ «ይህ የስፖርት ገጽ ጉዳይ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ሳስብ ኖሬያለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ንግግርም መጽሐፍም ሳይሆን ቃሬዛ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወደ አኺራ የሄዱት በ1444 ዓመተ ሂጅራ በረቢዐል አወል ወር ነበር። ጀናዛቸውን ይዘን ኮልፌ መካነ መቃብር ስንደርስ የበኩር ልጅ እንደመሆኔ ከፊት በስተቀኝ ያለውን የቃሬዛ ጫፍ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። መቶ እርምጃ እንኳ የሄድኩ አይመስለኝም። ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ጉልበቴ ተብረከረከ። አንድ እጅ ከኋላዬ መጥቶ ጀርባዬን ነካ አደረገና «ልጄ፣ ለኔ ልቀቅልኝ» አለኝ። ዘወር ብዬ ሳይ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሐጂ ናቸው። እሳቸው ተሸክመው እስከ ጉድጓዱ ደረሱ። እኔ የሠላሳ አራት ዓመቱ ልጅ ላቤን እየጠረግኩ ከኋላ ተከተልኩ። በዚያን ቀን ሰዎች ያሉኝን የማጽናኛ ቃል ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ያቺን ትከሻዬ ባዶ የቀረችበትን ቅጽበት ግን አልረሳትም።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ተለካሁ። የደም ግፊቴ 150 በ96፣ ክብደቴ 91 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። አባቴን የወሰዳቸው በግፊት ምክንያት የመጣ ስትሮክ ስለነበር ሐኪሙ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። በተደጋጋሚ ሲለካ 140 በ90ና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ግፊት እንዳለበት እንደሚቆጠር ነግሮኝ ጨው ቀንስ፣ ተመላለስና ተለካ፣ በእግርህ ሂድ አለኝ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ዝቅተኛው ለሰባት ቀን ሲካፈል ሃያ አንድና ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ እኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የምናጠፋው ጊዜ ማለት ነው።

ጀመርኩ። ከአራት ወር በላይ ከሥራ መልስ እየሄድኩ ስድስት ኪሎ ቀነስኩ፤ ግፊቴም ወረደ። ረመዳን ሲገባ ግን «ለዚህ ወር ላቁም፤ ከዒድ በኋላ እቀጥላለሁ» አልኩ። ምክንያቱ በቂ ይመስል ነበር። ሱሑር በልቶ፣ ሱብሒ ሰግዶ እንቅልፍ፤ ቀን የቢሮ ወንበር፤ ማግሪብ ላይ ቴምር፣ ሾርባ፣ ስድስት ሳምቡሳ፣ ሙሸበክና ለስላሳ፤ ከዚያ ተራዊሕ ላይ በሞላ ሆድ ማቃሰት። ዒድ መጣ፤ ከቤት ቤት ዘመድ ጥየቃ ሆነ። ከዒድ በኋላ ደግሞ «የሸዋልን ስድስት ቀን እየጾምኩ እንዴት ይሆናል?» አልኩ። ከዒደል ፊጥር እስከ ዒደል አድሓ ያለው ጊዜ ሰባ ቀን አይሞላም፤ ቀና ብዬ ሳይ የዐረፋ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ይጮኻል። ስፖርት ጫማዬን አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ አገኘሁት። በ1445ም ልክ ይኸው ተደገመ። ሐኪሞች እንደሚሉት ልብና ሳንባ በእንቅስቃሴ ያገኙት ብርታት ካቆሙ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። እኔ ያቆምኩት ለወራት ነበር።

በሱረቱ አን-ነሕል 92ኛው አንቀጽ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ እንደምትበጣጥስ ሴት እንዳንሆን ያስጠነቅቀናል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ቃል ኪዳን ነውና ወደ እግር ጉዞ ጎትቼ በማምጣቴ ዑለማዎቻችን ይቅር ይበሉኝ። ግን በዚያ ዓመት አንቀጹን ባነበብኩ ቁጥር የማየው አልጋዬ ሥር ያለውን ጫማ ነበር።

ለመሆኑ ጥፋቱ የዒድ ነውን? አይደለም! ዒድን እንደ ጠላት የሚያዩ የጤና መካሪዎች ሲያጋጥሙኝ አዝናለሁ። በዒድ ቀን መጾም ክልክል ነው፤ አያመ ተሽሪቅ የመብላት፣ የመጠጣትና አላህን የማውሳት ቀናት መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩ ሙስሊም ዘግበዋል። እንግዲህ በዒድ መብላታችን ሱናችን ነው፤ ማንም አያሳፍረንም። ይሁንና በዚያው ዒድ ሌላም ሱና አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ መንገድ ይመለሱ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) አውርተዋል፤ ወደ ዒድ ሶላት በእግር መሄድ ሱና መሆኑም ከዐሊይ (ረ.ዐ.) ተላልፏል። እኛም ብንሆን በዚያ ማለዳ ተክቢራ እያሰማን ከመርካቶ እስከ ስታዲየም በእግራችን ስንጎርፍ «ስፖርት ሠራሁ» የሚል ሰው አልሰማሁም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚያሞቀው ግን ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ነው። በመዲና፣ በዒድ ቀን፣ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ሐበሾች በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻን በልብሳቸው ከልለው እስኪበቃት ድረስ እንድትመለከት ቆሙላት፤ ተጫዋቾቹንም «በኒ አርፊዳ» ብለው በመጥራት አበረታቷቸው። አስተውሉ ወገኖቼ! ያ ዒድ ነበር፤ ቦታው መስጊድ ነበር፤ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱት የእኛው ወገኖች ነበሩ። ታዲያ እኛ የእነሱ ልጆች ዒድን የሶፋ በዓል ያደረግነው ከማን ተምረን ነው?

(ወጣት ወንድሞች በጂም ግድግዳ ላይ ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው የተሻለ ስለመሆኑ የሚናገረውን ሐዲስ ሲለጥፉ አያለሁ። መልካም ነው። ዑለማዎች ግን እዚያ የተወደሰው ጥንካሬ በቅድሚያ የኢማንና የቁርጠኝነት መሆኑን ያብራራሉ። ጡንቻውን አሳምሮ ሱብሒ የሚያመልጠው ወንድም ሐዲሱን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያነበው አይከፋም።)

እኔን ያዳነኝ የሐጂ ነገር ነው። በ1446 ረመዳን ዋዜማ መንገድ ላይ አግኝቻቸው «ሐጂ፣ ምን ዓይነት ስፖርት ነው የሚሠሩት?» አልኳቸው።

«ምን ስፖርት አለኝ ብለህ ነው ልጄ? መስጊዱን ራቅ አድርጌ መረጥኩ፤ ይኸው ነው» አሉኝ።

ከቤታቸው ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት መስጊድ አለ። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ሄደው ሌላ መስጊድ ይሰግዱና ዳገቱን ይዘው ይመለሳሉ። ማስረጃቸው የበኒ ሰሊማ ታሪክ ነው። እነዚህ የመዲና ሰዎች ቤታቸው ከመስጊድ ይርቅ ስለነበር ወደ አጠገቡ ሊዛወሩ አስበው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እርምጃዎቻቸው የሚጻፉላቸው መሆኑን ነግረው ባሉበት እንዲቆዩ መከሯቸው። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ሳቅ ብለው «ረመዳን ሲመጣ ሱብሒ ይቀራል እንዴ? በዒድስ ይቀራል?» አሉኝ።

አንባብያን ሆይ! የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። እንቅስቃሴዬን የሰቀልኩት በትርፍ ጊዜዬ ላይ ነው፤ ረመዳንና በዓል ደግሞ መጀመሪያ የሚወስዱት ትርፍ ጊዜን ነው። እሳቸው የሰቀሉት በማይቀረው ነገር ላይ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት አላህ ዘንድ እጅግ የሚወደደው ሥራ ቢያንስ እንኳ የሚዘወተረው ነው። ከዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ታሪክም ብዙ የምንማረው አለ። ቀን በቀን እየጾሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየቆሙ በነበረ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነታቸውም፣ ዓይናቸውም፣ ባለቤታቸውም በእሳቸው ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሷቸው። እሳቸው ግን «ከዚህ በላይ እችላለሁ» እያሉ የከበደውን መረጡ። በሸመገሉ ጊዜ ያንን ቀላሉን በተቀበልኩ ኖሮ ብለው ተመኙ። ከዒድ ማግስት ተነስቶ «በቀን አሥር ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ» የሚል ሰው ሳገኝ እሳቸውን አስባለሁ። እኔም እንደዚያው ብያለሁና!

በ1446 ረመዳን ያደረግኩት ይህ ነበር። ጾሙ በአዲስ አበባ ከ13 ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ማለዳ ሱብሒን ራቅ ወዳለው መስጊድ ሄጄ በረጅሙ መንገድ እመለሳለሁ፤ በቀስታ፣ ጥማት ሳያስከትል። ሰውነቴ ከከበደኝ ያንን ትቼ ከተራዊሕ ስመለስ ሩብ ሰዓት እሄዳለሁ። ውሃዬን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍዬ እጠጣለሁ። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ግን የእኔን አትመልከቱ፤ ከረመዳን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የስኳር ሐኪሞች በጾም ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ወዲያው እንዲያፈጥር ያዝዛሉ፤ ጣትን ወግቶ መለካትም ጾምን እንደማያፈርስ ያስረዳሉ። ለታመመ ሰው በአል-በቀራ ምዕራፍ የተሰጠው ፈቃድ የአላህ ራሕመት ነው፤ እሱን አልቀበልም ማለት ጀግንነት አይደለም።

ስለ ሳምቡሳው ከባለቤቴ ጋር ተከራክረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሆድ ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ ስለማድረግ የመከሩትን አንስቼ ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ሲሶውን አንተ ታወራለህ፤ ዘይት ፊት ከዐስር እስከ ማግሪብ የምቆመው እኔ ነኝ። አንተ በመስጊድ ሰበብ ትሄዳለህ፤ እኔስ መቼ ነው የምሄደው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብዙዎቻችን የለንም። በሳምንት ሁለት ቀን ኢፍጣር የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ፤ ሾርባዬ ብዙም አይመሰገንም። እሷም በእነዚያ ቀናት ከሁለት የጎረቤት እህቶች ጋር በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ዙሪያ ትሄዳለች። እህቶቻችን ሒጃባቸውን ጠብቀው ያለ ሐፍረት የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ለማዘጋጀት ማኅበረሰባችን ምን አድርጓል? ለዒድ ሠንጋ ገንዘብ ማዋጣት እንችላለን፤ ይህንንስ?

ስለ ጫትና ከዐስር በኋላ በበርጫ ስለሚባክነው ጊዜ ሌላ ቀን እመለሳለሁ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ደግሞስ ፈትሉ ቢበጠስ? ይበጠሳል። እኔም ባለፈው ዐረፋ አምስት ቀን አምልጦኛል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በጉዞ ላይ ሲሽቀዳደሙ ቀደመቻቸው። ከጊዜ በኋላ ሥጋ ስትለብስ እንደገና ተሽቀዳደሙና እሳቸው ቀደሟት፤ ይህኛው በዚያኛው ፋንታ ነው ብለውም ተጫወቱባት። ለምን ወፈርሽ ብለው አልወቀሷትም፤ እንደገና አብረዋት ሮጡ።

በ1446 ሸዋል ሁለተኛው ቀን ሱብሒ ሰግደን ከሐጂ ጋር ወጣን። ከተማው ገና ተኝቷል፤ ከየአጥሩ ሥር የትናንቱ ጭስ ይሸታል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሐጂ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ፤ ከዚያ በፊት ሲቆሙ አይቼ አላውቅም። እኔም ቆምኩ። ትከሻዬን በእጃቸው ጨመቅ አደረጉና «አሁን ደህና ሆነሃል። የእኔ ቀን ሲደርስ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳትለቅ» አሉኝ።

«ኢንሻአላህ ሐጂ፤ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው እንጂ» አልኳቸው።

«አሚን» አሉና ዳገቱን ቀጠሉ፤ እኔም እርምጃዬን በእርምጃቸው ልክ አድርጌ ተከተልኳቸው።