ልጁን ይዞ መሄድ ወይስ ትቶ መሄድ

የሰው ጠባይ ከቤቱ ይልቅ በመንገድ ይታወቃል። በቤቱ ሳለ ሁሉ ነገር በየቦታው ስለሆነ ትዕግሥቱ አይፈተንም፤ መንገድ ከወጣ በኋላ ግን ስንቁ ሲያልቅ፣ ዝናብ ሲይዘው፣ ማደሪያ ሲያጣ፣ ማን እንደሆነ እርሱም ጓደኛውም ያያሉ። ስለዚህ አባቶቻችን ረጅም መንገድ ሲያስቡ በሶውን አስፈጭተው፣ ዳቦ ቆሎውን አስቆልተው፣ ኮርቻውን ፈትሸው፣ ጓደኛ መርጠው ይነሡ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ስንዱነት የታሰበው ለጤነኛና ለብርቱ መንገደኛ ነው። አእምሮው ከእኩዮቹ በተለየ መንገድ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ያለው ሰው፣ ከስንቁ አስቀድሞ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም፦ ልጁን ይዤው ልሂድ ወይስ ትቼው ልሂድ? የሚል ነው። ጥያቄው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ክብር በምን እንደምንለካው የሚገልጥ ስለሆነ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለውን ልጅ በአገራችን ብዙ ዘመን የያዝነው በመደበቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ ሠርግ ሲሆን በር ይዘጋበታል። ሕመሙም የእናቲቱ ኃጢአት ወይም የእርግማን ፍሬ እየተባለ ይነገራል። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን የልጆች ሁኔታ በአሜሪካ ከጻፈ በኋላ፣ በዚያም አገር የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ለብዙ ዓመት ጥፋቱን በእናቶች «ቀዝቃዛነት» ላይ ሲጭኑ ኖረዋል። ኋላ ግን ምርመራው እየሰፋ ሲሄድ፣ ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠርና ከዘር የሚመጣ እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ እንዳልሆነ ታወቀ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ችግር አነሣሥቷቸው፣ በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ ብዙ እናቶች ከጓዳ የደበቋቸውን ልጆች ይዘው ወደ ፀሐይ ለመውጣት ደፈሩ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን እንደበደለ ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ እርሱንም ወላጆቹንም ከዚያ ክስ ነጻ እንዳወጣቸው ወንጌልን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ሕክምናው እዚያ ፍርድ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

አሁን ነገሩን ከሐሳብ ወደ ምድር፣ ይልቁንም ወደ ውሃ እናውርደው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሰፊ ውሃ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል፤ የባሕሩ ሰዎችም ማለዳ መሄድን የሚመርጡ ስለዚሁ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመላለስ የነበረው መርከብ፣ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም ሌሊቱን ቁንዝላ ላይ ያሳልፋል። ለጤነኛው ሰው ይህ ደስ የሚል ጉዞ ነው። የሞተር ጩኸት ጆሮውን እንደ መርፌ ለሚወጋው፣ ያልለመደው ፊትና ያልለመደው መኝታ ለሚያስጨንቀው ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህም የሚብሰው አደጋ፣ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሰው ሳያያቸው ተነሥተው መሄድ የሚወዱ፣ ውሃም የሚስባቸው መሆናቸው ነው።

መርከቡ በሚመላለስበት ዘመን፣ እዚህ ማክሰኝት የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ የአባቷ ተዝካር በደቅ ደሴት ሊወጣ ሆነ። ልጅዋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፤ የማክሰኞ ገበያ ሲደምቅ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ዘመዶችዋ «ትተሽው ነይ» አሏት። ምክንያታቸውም ሦስት ነበር፤ አንደኛ ልጁ ይሠቃያል፤ ሁለተኛ የሰውን እንቅልፍ ይነሣል፤ ሦስተኛ አንቺም አታርፊም። ሦስቱም እውነት ስለሆነ ዘመዶችዋን ጨካኞች ማለት አይገባም። ችግሩ፣ እውነተኛ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ለሌላው፣ ለማይነገረው ምክንያት መሸፈኛ መሆኑ ነው፤ ይኸውም እፍረት ነው።

ታዲያ እፍረትን ከርኅራኄ በምን እንለያለን? እኔ ሁለት መመዘኛ አለኝ። አንደኛው፦ የሚያየን ሰው ባይኖር ኖሮ ያን ጊዜም ልጁን እንተወው ነበርን? ሁለተኛው፦ ልጁ መናገር ቢችል ምን ይመርጥ ነበር? የመጀመሪያው ልባችንን፣ ሁለተኛው የልጁን ፈቃድ ይመረምራል። ይዞ መሄድም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል፤ ልጁ የማይችለውን ጉዞ «እኔ አልደብቀውም» ብሎ ለማሳየት ብቻ የሚያስከትል ወላጅ፣ በልጁ ሥቃይ የራሱን ምስጋና ይገዛልና። እንዲሁም ወደ ጠበል የሚወስድ አለ፤ ጸሎትን የሚነቅፍ አፍ የለኝም፤ ነገር ግን የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መድኃኒት በድንገት ማስተው ሕይወቱን አደጋ ላይ መጣል መሆኑን መናገር ይገባል።

ጎረቤቴ በሁለቱ መመዘኛዎች ነገሩን ከመረመረች በኋላ፣ ልጁ አያቱን ይወድ ስለነበር ይዛው ለመሄድ ቈረጠች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደሚባለው፣ መሰናዶዋን ከወር በፊት ጀመረች። አስቀድማ ጎርጎራ ወስዳ የቆመውን መርከብ አሳየችው፤ በሌላ ቀን በትንሽ ጀልባ ለግማሽ ሰዓት ያህል አንሳፈፈችው። በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ተውሳ እስኪለምደው ድረስ በቤት አለበሰችው። የሚተኛበትን ምንጣፍ፣ የሚጠጣበትን ኩባያና የሚበላውን ዳቦ ያዘች። ስሙንና የስልክ ቍጥሯን በልብሱ ላይ ሰፋች። ሌሊቱን ከወንድሟ ጋር በተራ ለመንቃት ተስማሙ። ለመርከቡ አዛዥም አስቀድማ ነግራ፣ ከሞተሩና ከጠርዙ የራቀ ቦታ ለመነች።

ይህን ሁሉ አድርጋም ጉዞው ቀላል አልሆነም። ደልጊን አልፈው ነፋሱ ሲነሣ ልጁ ጮኸ፤ ያጕረመረሙ ነበሩ። እርሷም «ልጄ ባለጌ አይደለም፤ ጩኸት ያመዋል» አለቻቸው። ይህች አንዲት ቃል ብዙውን ሰው አበረደች፤ አንዲት እህል ነጋዴም ተነሥታ የግድግዳውን ጥግ ለቀቀችለት። ቁንዝላ ሲደርሱ በገዛ ምንጣፉ ላይ ተኛ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የሞተሩ ድምፅ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ስላወቀች፣ ከሚወዳት አክስቱ ጋር በለመደው ቤት ትታው ብቻዋን ሄደች። እኔ ሁለቱንም ሥራዋን ትክክል እላለሁ። መውሰድዋም መተውዋም የመጣው ልጁን ከማወቅ እንጂ ሰውን ከመፍራት አልነበረምና።

የቀረው የእኛ የተሳፋሪዎቹ ዕዳ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካልና አእምሮአቸው የተጐዳ ዜጎችን አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የግድግዳውን ጥግ የለቀቀችው ነጋዴዋ እንጂ አንቀጹ አይደለም። አንዳንድ ሰው «ሁሉም እኩል ከፍሏል፤ ለምን ለአንዱ ይደላደላል?» ይላል። ይህን የሚል ሰው የጣናን ባለታንኳ ይመልከት። ባለታንኳው በደንገል ታንኳው ላይ ሰውና ጭነት ሲያስቀምጥ፣ የእያንዳንዱን ክብደት አይቶ ቦታ ይሰጣል፤ ለሁሉ አንድ ዓይነት ቦታ ልስጥ ቢል ታንኳው ያጋድላል፤ ሲያጋድልም የሚሰምጠው አንዱ ብቻ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የአንዲት እናት ሸክምም በመርከብ ሙሉ ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የአንድ ሌሊት ጥቂት እንቅልፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በቤትህ ካለ፣ ከመንገድህ በፊት ልጁን እወቀው፤ ያን ጊዜ ብትወስደውም ብትተወውም አትሳሳትም። በቤትህ ከሌለ ደግሞ፣ በመርከብ ወይም በአውቶቡስ የማይናገር ልጅ ሲጮኽ በሰማህ ጊዜ፣ ፊትህን ከማዞርህ በፊት እናቱን ምን ልርዳሽ ብለህ ጠይቃት።