ለሕፃናት የሚሰጥ ሽልማት ምን ዓይነት ይሁን?

ሕፃናትን የምናስተምርም ሆንን ታናናሾቻችንን የምንረዳ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ዘወትር ያጋጥመናል። ይኸውም ልጅ በመልካም ጠባይ እንዲያድግ የትኛው ሽልማት ይሻለዋል? የሚለው ነው። ከረሜላ ነውን? ደብተርና እርሳስ ነውን? ወይስ ምስጋና? ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም፣ ልጁ ነገ ማንም በማያየውና ማንም በማይከፍለው ጊዜ መልካም ከመሥራቱ ጋር የተያያዘ ነውና በጥሞና ልናስብበት ይገባል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስረዳው፣ ልጅ በነፃ ሲለቀቅ አዘውትሮ የሚሠራው ነገር እምብዛም ለማይወደው ሥራ ማትጊያ ይሆናል። ኳስ የሚወድ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ እንደሚጫወት ቢነገረው ከከረሜላ ይልቅ ይተጋል። ሥዕል ለምትወድ ልጅ ግን ኳሱ ምኗም አይደለም። ስለሆነም ከመሸለም በፊት ልጁን መመልከት ይቀድማል።

ሆኖም የሚወደውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል የሚወዱ ልጆችን በሦስት ከፈሉ። አንደኞቹ ቢሥሉ የወርቅማ ኮከብ ምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድሞ ተነገራቸው። ሁለተኞቹ ሳይጠብቁ ተሸለሙ። ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ እንደገና ሲቀርብላቸው፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም።

እንግዲህ ፍቅርን የሚያቀዘቅዘው አስቀድሞ የተደረገው ውል መሆኑን እንረዳለን። ፊደል መቁጠር ለሚሰለቸው ልጅ ትንሽ ሽልማት መነሻ ልትሆነው ትችላለች። በፈቃዱ እናቱን ለሚያግዝ ልጅ ግን በየጊዜው ሳንቲም ብንቆጥርለት ፍቅሩን ወደ ደመወዝ እንለውጥበታለን።

በአገራችን ልጅ ተልኮ ሲመለስ ‹‹እደግ፣ ተመንደግ›› ተብሎ ይመረቃል። ቀድሞ የተዋዋለበት ነገር የለም፤ ነገር ግን በጎነቱ እንደታየለት ያውቃል። ምርቃት ሆድ አይሞላም የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው። ቢሆንም ምግብና የወላጅ ፍቅር ለልጅ መብቱ ስለሆኑ፣ በሽልማት ስም ሊያዙበት ፈጽሞ አይገባም።

ስለዚህ እኛ ወጣቶች ከረሜላውን ከማከፋፈላችን በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚወድ እንመልከት፤ በፍቅር የጀመረውንም ሥራ በዋጋ አንግዛበት።