ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ፤ ወንበሩስ?

ልጄ፣ ትናንት ማታ ሱቁን ልንዘጋ ስንል ስልክህን ይዘህ መጣህና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» አልከኝ። የአውሮፕላኑ ወንበሮች እንደ እንቁላል ትሪ ተደርድረው ይታያሉ። ግማሾቹ ግራጫ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ ናቸው። ሰማያዊዎቹን በጣትህ ስትነካቸው የዶላር ዋጋ ብቅ ይላል። «ቢዝነስ ክላስ ገዝቼ የለም እንዴ? ወንበሩን ደግሞ ለብቻው ልግዛው?» አልከኝ። መሽቶ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ የመጨረሻውን ጭነት እያወረዱ፣ ጎረቤቶቻችንም በራቸውን እየጎተቱ ነበርና በቅጡ አልመለስኩልህም። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ለአንተ የምለው፣ እንደ አንተ ለሸቀጥ ወደ ጓንዡና ወደ ዱባይ ለሚመላለሱ የመርካቶ ልጆች ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

አባቶቻችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ። ገንዘብ የማይከፍተው በር የለም ለማለት እንጂ አውሮፕላን አስበው አልነበረም። የሰማዩ መንገድ ግን በእነሱ ዘመን ተከፈተ። የእኛው አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ያኔ የነበሩት ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ። መንገደኛው ግድግዳውን ተጠግቶ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። ምረጥ የሚልህም፣ ክፈል የሚልህም አልነበረም። ዛሬ በዚያው አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350-900 ላይ በቢዝነስ ክላስ 30 ወንበሮች አሉ። እንደ አልጋ ተዘርግተው ያስተኙሃል። ዓለም ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ምቾቱ በጨመረ ቁጥር ሒሳቡም እየተከፋፈለ መጥቷል። የእኔ ምክር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ ምራቂን አስታውስ። በርበሬ ተራ ሄደህ አንድ ኪሎ በርበሬ ስትገዛ፣ ሴትየዋ ሚዛኑ ትክክል ከሆነ በኋላ እጇን ወደ ጆንያው ትመልስና አንድ እፍኝ ትጨምርልሃለች። «ምረቂኝ» ሳትላትም ታደርገዋለች። እፍኟ ብታከስራት ኖሮ አታደርገውም ነበር። የምትሸጥልህ በርበሬ ነው፤ በእፍኟ የምትገዛው ግን የነገ መምጣትህን ነው። እኔ በዚህ ገበያ ጸጉሬን ያሸበትኩት ይህን እያየሁ ነው። ደንበኛ የሚያዘው በሚዛኑ ሳይሆን ከሚዛኑ በላይ በሚጨመረው ነው።

ቢዝነስ ክላስም እንዲሁ ነበር። ዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከከፈልክ ወንበርህን ትመርጣለህ፣ ማረፊያ ክፍል ትገባለህ፣ ሻንጣህ ይከበራል። ያ ሁሉ ምራቂ ነበር። ከጊዜ በኋላ ምራቂው ራሱ ዋጋ ወጣለት። ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2009 ለቢዝነስ ክላስ መንገደኞቹ ጭምር ወንበር አስቀድሞ መምረጥን በክፍያ አደረገው። ኤምሬትስ በ2019፣ ኳታር ኤርዌይስ በ2020 ማረፊያ ክፍል የማያስገባ ርካሽ የቢዝነስ ትኬት አወጡ። የጀርመኑ ሉፍታንዛ በ2024 አዲሱን አሌግሪስ የተባለውን ክፍል ሲያስመርቅ፣ ሰፋ ላለውና ለብቻ ለሚያስቀምጠው ወንበር ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። ይህ ሲታይ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚለውን ተረት ያስታውሳል። ወደ ማዕዱ ተጠርተሃል፤ እጅህን ስትዘረጋ ግን ሳህኑ ይሸሻል።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ማወቅ አለብህ፤ ነጋዴ ነህና። አንደኛው ምክንያት የፍለጋው ነገር ነው። ሰው ትኬት የሚፈልገው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ርካሹን ከላይ ይደረድራል። ከላይ ለመውጣት ከዋጋው ላይ አንድ ነገር መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንበሩን፣ ሻንጣውን፣ ትኬት መቀየሩን አንድ በአንድ ያወጡና ቀሪውን በርካሽ ያሳዩሃል። ሁለተኛው ትርፉ ነው። የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ አምስት የአሜሪካ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 ከወንበር ክፍያ ብቻ 12.4 ቢሊዮን ዶላር አስገብተዋል። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ከሸቀጡ የተለየ ስም ብቻ ይህን ያህል ካስገኘ፣ ማን ይተወዋል?

እንግዲህ «ሌብነት ነው» ብዬ ልፈርድ ነው? የለም። አውቶቡስ ተራን አስብ። ወደ ጎጃም ወይም ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ጋቢና ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ መንገዱ ይታየዋል፣ እግሩንም ይዘረጋል። ከኋላ ጎማው ላይ የተቀመጠው ግን ኮረኮንቹን ሁሉ በወገቡ ይቆጥራል። ወንበር ሁሉ እኩል አይደለም። በመርካቶም ማዕዘን ላይ ያለ ሱቅና ከኮሪደሩ ውስጥ የተሸሸገ ሱቅ ኪራያቸው አንድ አይሆንም። የተሻለው ቦታ የተሻለ ዋጋ ቢያወጣ ነውር የለበትም። ነውሩ አንድ ነው፤ ዋጋው ከስምምነት በኋላ ሲመጣ። ከተስማማን፣ እጅ ከተመታ፣ ገንዘብ ከተቆጠረ በኋላ «ለሚዛኑ ደግሞ ክፈል» የሚል ሰው በዚህ ገበያ ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ ጉልበቷን ታክማ እንድትመለስ ወደ ባንኮክ ወሰድኳት። እግሯን አጥፋ መቀመጥ ስለማትችል ቢዝነስ ክላስ ቆረጥኩ። የአየር መንገዱን ስም አላነሳም። ስንመለስ ወንበር ለመምረጥ ክፍያ አለው ሲሉኝ ተቆጣሁ። «ይህን ሁሉ ከፍዬ ለወንበር አልከፍልም» ብዬ ዘጋሁት። ስንሳፈር እሷ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አራት ረድፍ ከኋላ ተመደብን። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ በተደረደረ ክፍል ውስጥ መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው ለመውጣት የጎረቤቱን እግር መሻገር አለበት። ጎረቤቷ ወንበሩን ዘርግቶ ተኝቷል። እሷ ደግሞ እንኳን ሰው ልትሻገር በደህናውም ቀን ደረጃ አትወጣም። ሌሊቱን ውኃ ሳትጠጣ አደረች፤ መነሣት እንዳይመጣባት። ይህን የነገረችኝ ቦሌ ከወረድን በኋላ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ማለት ይኼ ነው። በእልህ ያተረፍኩት ገንዘብ ዛሬም ይከብደኛል።

ሌላም አጥፍቻለሁ፤ አልጠየቅሁም። አስተናጋጇን ጠርቼ «ባለቤቴ ታማሚ ናት፣ እባክሽ መተላለፊያው ጋ ቦታ ለውጪልን» ብላት ኖሮ ምናልባት ትረዳን ነበር። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ከአፌ ባልወጣ አንድ ቃል ምክንያት የባለቤቴ እንቅልፍ ቀረ።

ስለዚህ ልጄ፣ አራት ነገር ልምከርህ።

አንደኛ፣ ከመክፈልህ በፊት ሙሉውን ዋጋ ጠይቅ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»። ቢዝነስ ክላስ የሚል ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። አንዱ ቢዝነስ ትኬት ወንበር ያስመርጣል፣ ማረፊያ ያስገባል፣ ቀን ያስቀይራል፤ ሌላው ሦስቱንም ይከለክላል፤ አውሮፕላኑ ግን አንድ ነው። ትኬት ቆራጩን «ወንበር መምረጥ ይጨምራል? ሻንጣ ስንት? ብሰርዝስ?» በለውና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ከዚያ ርካሹን ትኬት ከነተጨማሪዎቹ ደምረህ ከውዱ ጋር አስተያይ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ርካሹ ይበልጣል። ክፍያው በዶላር መሆኑንም አትርሳ። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል። ስልኩ ላይ ትንሽ የሚመስል ቁጥር ኪስህ ሲደርስ ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ወንበሩን እወቀው። በኤ350-900 እና በድሪምላይነሩ የእኛው ቢዝነስ ክላስ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነው። ስለዚህ ለብቻው የሚሄድ ሰው ከመሐለኞቹ ሁለት ወንበሮች አንዱን ቢይዝ ማንንም ሳይሻገር ይወጣል። በአዲሱ ኤ350-1000 ላይ ግን ድርድሩ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ስለሆነ ሁሉም ሰው መተላለፊያ አለው፤ እዚያ ለምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ወጥ ቤቱና መጸዳጃው አጠገብ ብርሃንና ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። ይህን ካወቅህ ለየትኛው መክፈል እንደሚገባህና የትኛው በነፃ ቢሰጥህ እንኳ እንደማይረባህ ትለያለህ። ደግሞም ብዙ አየር መንገዶች በረራው አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ያልተያዙትን ወንበሮች በነፃ ያስመርጣሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነውና ታገሥ፤ ሰዓቱን ግን በስልክህ ያዝ።

ሦስተኛ፣ ለገላህ ክፈል፣ ለሰው ዓይን አትክፈል። በጓንዡ የካንቶን ትርኢት ሰሞን ማታ ተሳፍረህ፣ በማግሥቱ ወርደህ፣ ቀኑን ሙሉ በአዳራሹ ስትዞር ትውላለህ። ሌሊቱን መተኛትህ የዋጋ ድርድርህን ያሻሽላል፤ ይህ ወጪ ሳይሆን ሥራ ነው። እናትህን ይዘህ ብትሄድ፣ ነፍሰ ጡር ሚስትህን ብትወስድ፣ አጠገባቸው ለመቀመጥ የሚጠየቀውን ክፈል፤ እንደ እኔ እልህ አትያዝ። ነገር ግን ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ለመታየት፣ ፎቶ አንስቶ ለመላክ ብለህ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ የሸቀጥህ ነው። ካፒታልህን ለወንበር አትሽጠው። ወንበሩ ከአሥር ሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ነው፤ ዕዳው ግን ካንተ ጋር ሱቅ ይገባል።

አራተኛውና ከሁሉ የምጨነቅበት ይኼ ነው፤ ይህን ዋጋ የመከፋፈል ጥበብ ከሰማይ ወደ ተራችን አታውርደው። አንዳንድ ወጣቶች ሲጀምሩ አያለሁ። ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይጠሩና፣ ደንበኛው ከተስማማ በኋላ ለማሸጊያ፣ ለማውረጃ፣ ለደረሰኝ ብለው ይቆነጥራሉ። «ዓለም እንዲህ ነው የሚሠራው» ይሉኛል። ዓለም እንዲህ ቢሠራም፣ መርካቶ የተሠራችው በዚህ አይደለም። ከአዳማ፣ ከደሴ፣ ከጅማ የሚመጣው አከፋፋይ ሳያይ በስልክ የሚያዝህ፣ የጠራኸው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ መሆኑን ስለሚያምን ነው። ሕጉም ቢሆን፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፍ ይላል። ሕጉ ባይኖርም ግን ቃልህ ይበቃ ነበር። ትላልቆቹ ኩባንያዎች መንገደኛው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ይታገሣቸዋል። አንተን ማን ይታገሥሃል? ከአንተ ጎን ሌላ ሱቅ አለ፤ ከእሱም ጎን ሌላ። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ ጥቂት ብር ስትቆነጥር የዓመት ደንበኛ ይወድቅብሃል።

ለአየር መንገዶቹም አንድ ቃል አለኝ፤ በተለይ ለእኛው። ከጦርነት በተረፈ አውሮፕላን ጀምሮ እዚህ የደረሰ ተቋም ኩራታችን ነው። የመርካቶ ነጋዴ አንድ ትኬት ቆርጦ የሚጠፋ መንገደኛ አይደለም፤ ሄዶ ይመለሳል፣ ጭነቱንም በእናንተው ያስመጣል። ቢዝነስ ክላስን አንድ ዋጋ አድርጋችሁ ጥሩት፤ ውድ ቢሆንም ይገዛል። ታማሚና አረጋዊ ደግሞ ከአጃቢው እንዳይለይ፣ ይህን በክፍያ አታድርጉት። ይህችን አንድ እፍኝ መርቁን።

አንተ ልጄ፣ ነገ ጠዋት ና። ትኬትህን አብረን እናንብብ፤ የሚከፈል ካለ እንከፍላለን፣ የማይረባ ካለ እንተዋለን። በሰላም ሂድ፣ በሰላም ግባ። ስትመለስና ሱቅህን ስትከፍት ዋጋህን አንዴ ጥራ፣ ሙሉውን ጥራ፤ ከዚያ በላይ ለደንበኛህ የምትጨምረው ምራቂ ብቻ ይሁን።