ቅዳሜ በ4 ሰዓት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኡበር የሚነዳ አንድ ሰው ነበር። ከሚስቱ ጋር ተለያዩና የ7 ዓመቷ ልጃቸው ከእናቷ ጋር ቀረች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተነሡ፤ ከሸንጎው የተረፈው «ስልክ ላይ አትነታረኩ» የሚል ምክር ብቻ ነበር። ባልና ሚስቱም ምክሩን ከሚገባው በላይ ሰሙት፤ ጭራሽ መደዋወል ተዉ።

አባትየው ልጁ ናፈቀችው። ገና ፍርድ ቤት አልሄዱም። በሜሪላንድ ሕግ ትእዛዝ እስካልወጣ ድረስ አባትና እናት በልጃቸው ላይ እኩል ናቸው፤ እኩልነት ግን የተዘጋ በር አይከፍትም። አገሩን ቀድሞ የለመደ አንድ ወዳጁ መከረው፦ «ነገ ዳኛ ፊት ቆመህ ‹ጠይቄያት ነበር› ብትል ማን ያምንሃል? በሰርቲፋይድ ሜይል ላክ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ፤ ቅጂ አስቀር።» ምክሩ ክፉ አልነበረም። ዛሬም ሰው ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ።

ፖስታ ቤት ሄደ። ሠራተኛዋ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ፖስታው ላይ ለጠፈች፤ አረንጓዴ ካርድ (የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቴ አይደለም) አያያዘችበት፤ ደረሰኙ ላይ የዕለቱን ማኅተም መታችለት። ተቀባይዋ ስትፈርም ካርዱ ወደ ላኪው ይመለሳል። ቤት ካልተገኘች ማስታወቂያ ይተዉላታል፤ ሄዳ ካልወሰደችው ደብዳቤው ራሱ ይመለሳል። መመለሱም ለላኪው ማስረጃ ነው። እኛ አገር ሪኮማንዴ ይባል የነበረው ዓይነት ነገር ነው።

ደብዳቤው አጭር ነበር፦ «ልጄን ቅዳሜ በ4 ሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ። ማታ እመልሳታለሁ።» በአማርኛ ነው የጻፈው። ለሚስቱ በእንግሊዝኛ ጽፎላት አያውቅም፤ በጠብ ሰዓት መጀመሩ አሳፈረው።

ካርዱ ተፈርሞ መጣ። ቅዳሜ ሥራውን አቋርጦ በሰዓቱ ደረሰ፤ ቢያንኳኳ መልስ የለም። በሩን በስልኩ ፎቶ አነሣ። ደግሞ ላከ፣ ተፈረመ፣ ሄደ፣ በሩ ዝግ ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ደብዳቤ ሳይወሰድ ተመለሰ። ወዳጁ «በቃ፣ አለቀላት» አለው።

እናትየው ግን በየቅዳሜው ጠዋት ልጅቷን አጥባ፣ ሹሩባዋን ሠርታ፣ ጫማዋን አጥልቃላት መስኮቱ ሥር ታስቀምጣታለች። እስከ እኩለ ቀን ይጠብቃሉ። ከዚያ ልጅቷን ጎረቤት ትታ ነርሲንግ ሆም ወዳለው ሥራዋ ትሮጣለች። ወጥ ቤት የተሰቀለው ካላንደር ላይ ሦስቱን ቅዳሜ «አልመጣም»፣ «አልመጣም»፣ «አልመጣም» ብላ ጽፋበታለች። የአራተኛው ደብዳቤ ማስታወቂያ ሲመጣ ልትወስደው አልሄደችም። ልጅን እያለባበሱ ስንቴ ማስለቀስ ይቻላል?

ሮክቪል ፍርድ ቤት ቀረቡ። እሱ ካርዶቹን፣ ቅጂዎቹንና ፎቶዎቹን፣ እሷ ካላንደሩን ይዛ። ዳኛዋ የሁለቱንም አገላብጠው ግራ ገባቸው፤ አንዳቸውም የሚዋሹ አይመስሉም። ነገሩን ያገኘችው ፍርድ ቤቱ የመደበላቸው አስተርጓሚ ነበረች። ደብዳቤውን እየተረጎመች ሰዓቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ክብርት ዳኛ፣ ማብራሪያ ልጠይቅ። 4 ሰዓት በአማርኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 10 ነው፤ በዚህ አገር ከሆነ ደግሞ የከሰዓቱ 4 ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ አይለይም።»

ፎቶዎቹ ታዩ። ሁሉም ከከሰዓቱ 4 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ የተነሡ ናቸው። ሰውየው ዓመታት ሙሉ መኪና ሲነዳ ዓይኑ ያረፈበት የስልኩ ሰዓት ነው፤ እጁ በአማርኛ ሲጽፍ ልቡ የፈረንጁን ቆጥሯል። እሷ በአማርኛ የተጻፈላትን በአማርኛ አንብባለች። የተፈረመው ካርድ ፖስታው እጇ መግባቱን መስክሯል፤ በውስጡ ምን እንደተጻፈ፣ የተጻፈውም እንዴት እንደተነበበ መመስከር ግን የካርድ ሥራ አይደለም። ሦስት ፊርማ ተሰብስቦ ሦስት ቅዳሜ ባከነ።

ዳኛዋ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አባትየው ልጁን እንዲወስድ አዘዙ፤ ሰዓቱም ጠዋት መሆኑ በግልጽ ተጻፈ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ «ምናለ ብትደውል?» አለችው።

«ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ ነው። አንቺስ?»

ዝም አለች። እሷም ካላንደሩን በብብቷ ይዛለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ወዳጁ ጠየቀው፦ «እንግዲህ ደብዳቤውን ተውከው?»

«አልተውኩም። ለክረምቱ ዕረፍት ሰሞኑን ልኬላታለሁ። ግን ከመላኬ በፊት በስልክ አነብላታለሁ።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ታርመዋለች።»