ገጣሚውና አሳማው

እ.ኤ.አ. በ1971 በኒውዮርክ የግጥም ማዕከል ንግግር ያደረገው ሰው ገጣሚ አልነበረም። ርግብ በማሠልጠን ስሙ የገነነው የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነበር። ይዞት የመጣው ሐሳብም ለገጣሚ ጆሮ አይጥምም። እናት የልጇን ዓይንና ጣት እንዳልቀረጸች፣ ከዘር የወረደው በእሷ በኩል እንዳለፈ ሁሉ፣ ግጥምም በገጣሚው በኩል ያልፋል እንጂ ገጣሚው አይፈጥረውም አለ። ገጣሚው የዘሩና የኑሮው ታሪክ የተገናኙበት ስፍራ ነው። ስኪነር ራሱንም አልማረም፤ ያ ንግግርም የዚያው ሕግ ውጤት ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ቢሄቪየሪዝም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1913 ጆን ዋትሰን ሥነ ልቦና ስለ ውስጣዊ ስሜት መጠየቁን ትቶ የሚታይ ድርጊትን ብቻ እንዲመረምር ሲጠይቅ፣ በአማርኛችን ቢሰማ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር ያለው፦ ልቦና የሌለበት ሥነ ልቦና።

ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ሙከራ አልበርት የተባለ የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሰባት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ሕፃኑ አይጧን ባየ ቁጥር ያለቅስ ጀመር፤ ቀጥሎም ጥንቸሉን፣ ውሻውን፣ የጠጉር ካፖርቱን ፈራ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው ተረት ላቦራቶሪ ገባ ማለት ነው። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ሕፃኑ ከሆስፒታሉ ወጣ፤ ይህን ዛሬ የትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። ደግነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ልጅ ደስ ብሎት ሲበላ ጥንቸሉን ቀስ በቀስ እያቀረበች ፍርሃቱን አስለቀቀችው። ዛሬ ለፎቢያ የሚሰጠው ሕክምና ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ቢሄቪየሪስቶቹ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ለተራቡ ርግቦች፣ ምንም አደረጉ ምንም፣ በየ15 ሰከንዱ መኖ እንዲወርድላቸው አደረገ። ከስምንቱ ስድስቱ የየራሳቸውን “ሥርዓት” አበጁ፤ አንዷ ትዞራለች፣ ሌላዋ ራሷን ወደ ጎጆው ጥግ ትወረውራለች። መኖው ሲመጣ የነበሩበት እንቅስቃሴ ያመጣው መሰላቸው ማለት ግን ስኪነር ያባረረውን “መሰለ” የሚል ግሥ በጓሮ በር መመለስ ይሆናል።

በሩን ወለል አድርገው የከፈቱት ግን የገዛ ተማሪዎቹ ናቸው። ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የስኪነርን ዘዴ ይዘው እንስሳትን ለትርዒት የማሠልጠን ንግድ ከፈቱ። አሳማ የእንጨት ሳንቲም እያነሳ ሳጥን ውስጥ ሲከት ይሸለማል። መጀመሪያ ፈጥኖ ተማረ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ሳንቲሙን መጣል፣ በአፍንጫው መቆፈር፣ ወደ ላይ መወርወር አመጣ። አንዱ አሳማ አራት ሳንቲም ሁለት ሜትር ያህል ለማድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት፤ ሽልማቱ እየዘገየ፣ እየራበው። ምግብ ፍለጋ አፈር የሚቆፍረው የአሳማነት ጠባዩ ሥልጠናውን አሸነፈ። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ይህንን ሲጽፉ የስኪነርን የ1938 መጽሐፍ ስም ገልብጠው ርእስ አደረጉት፦ የፍጥረታት ጠባየ ብልሹነት።

ፈላስፎችና የቋንቋ ሊቃውንትም ቀስታቸውን ወርውረዋል፤ ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው ሂስ ከሁሉ ይልቅ ይታወሳል። ያም ሆኖ ከአሳማው የበለጠ የሚያሳምን ክርክር ማግኘት ይከብዳል። አሳማው ነፍስ እንዳለው አላስረዳም፤ ሽልማት የሚጽፍበት ሰሌዳ ባዶ እንዳልነበረ ግን አሳይቷል። ስኪነር የዘርን ድርሻ ክዶ አያውቅም። ሆኖም መጋቢው እጅ ሁሉን እንደሚቀርጽ አድርጎ ሲጽፍ ይህ ድርሻ ይረሳ ነበር።

እሱ ግን አልተበገረም። በ86 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1990 ሲያርፍ፣ በዋዜማው የመጨረሻ ጽሑፉን ጨርሶ ነበር። ርእሱ ሥነ ልቦና የልቦና ሳይንስ ሊሆን ይችላልን? የሚል ነው። መልሱ አይችልም ነበር።