በገንቦ የተቀበረ ብር፤ መግዛት ይገባልን?

ባለፈው ዓመት ከመኸር በኋላ፣ በቁምስናችን የሚታወቅ አንድ ነጋዴ ወዳጄ በምሽት ወደ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠም። ከኪሱ አንድ ጠገራ ብር አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «እንዲህ ያለ አራት መቶ ቀርቦልኛል፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገጠር የመጡ አንዲት ባልቴት የባላቸው አባት በጠላት ወረራ ዘመን የቀበሩት ገንቦ አላቸው። አሮጌው ቤት ፈርሶ ለአዲሱ መሠረት ሲቆፈር ተገኘ። ባልቴቲቱ የጠየቁት ዋጋ አዲሱን ቤት ቆርቆሮ ለማልበስ የሚበቃውን ገንዘብ ብቻ ነበር። ዋጋውን የተመኑት በብሩ ሳይሆን በጣሪያው ነው ማለት ይቻላል። ወዳጄ በበኩሉ ወፍጮ ለመትከል ብሎ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ አለው፤ ባልቴቲቱ የጠየቁት የዚያን ሲሶ ቢሆን ነው።

ወጣቶች አንባብያን ጠገራን በአንገት ጌጥ ላይ ካልሆነ በቀር አያውቁት ይሆናልና ጥቂት ልናገር። የኦስትሪያ ገዥ የነበሩት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ዐረፉ፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ዕድሜውን አይነግረንም። ከቪየና ሌላ በሎንዶን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተመትቷል። ኢጣልያም ሀገራችንን በወረረችበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) በሮማ ማስመታት ጀምራለች። በአንድ ገንቦ ውስጥ የአያትና የልጅ ልጅ ዕድሜ ያላቸው ብሮች አንድ ዓመት ለብሰው ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። አራት መቶው እንግዲህ ከ9 ኪሎ ግራም በላይ ንጹሕ ብር ይወጣዋል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየራቀ ሄደ፤ ብር ሠሪዎችም እያቀለጡ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባርና አልቦ አደረጉት። በቋንቋችን ማዕድኑም መገበያያውም «ብር» መባላቸው ነገሩን ያደናግራል፤ ባልቴቲቱ የሚያስቡት ስለ ሁለተኛው ብር ነበር፣ ወዳጄ ግን ስለ መጀመሪያው።

የወዳጄ ክርክር አጭር ነበር። «ዋጋውን እኔ አልሰበርኩም፤ የጠየቁኝን ሳልከራከር እከፍላለሁ። ምን በደልኩ?» ይህን ክርክር ማቃለል አይገባም፤ አብዛኞቻችን በገበያ የምንኖረው በዚሁ ነውና። ነጋዴ የሚያውቀውን ሁሉ በአደባባይ የመናገር ግዴታ ቢኖርበት ንግድ የሚባል ነገር አይቆምም ነበር። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ራሱ፣ እህል ወደ ተወደደበት ሀገር ስንዴ ጭኖ የሄደ ነጋዴ፣ ሌሎች ነጋዴዎች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ባይናገር ፍትሕን አጓድሏል ለማለት አልደፈረም፤ ቢናገር ግን የበለጠ ምግባር ይሆንለታል ብሎ ብቻ አለፈ።

ሆኖም ገና የሚመጣውን አለመናገርና በእጅ ያለውን መደበቅ አንድ አይደሉም። የነገው ስንዴ ሊዘገይ ወይም በመንገድ ሊቀር ይችላል። በጠገራው ውስጥ ያለው ብር ግን ዛሬም አለ፤ በሚዛን ይታወቃል። ይኸው ሊቅ በዚያው ስለ መሸጥና መግዛት በጻፈው ክፍል፣ ሻጩ የያዘውን ዕቃ ከሆነው ዓይነት ዝቅ አድርጎ ቢገምት፣ ለምሳሌ ወርቁን መዳብ መስሎት ቢሸጥ፣ ገዢው ይህን እያወቀ ከገዛ በግፍ ገዝቷልና መመለስ ይገባዋል ይላል። የሻጩ አለማወቅ ለሻጩ ኃጢአት አይሆንበትም፤ የገዢው ማወቅ ግን በገዢው ላይ ዕዳ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ወዳጄን፣ «አንተስ ዋጋውን ታውቃለህን?» ብዬ ጠየቅሁት። ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ወደ አንድ ብር ሠሪ ሄዶ የአንዱን ጠገራ ዋጋ ጠይቆ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። እንደ እኔ አስተያየት ጉዳዩ የተለወጠው በዚያች ሰዓት ነው። ሁለቱም ሳያውቁ ቢገበያዩ ኖሮ ዕድል ነው በተባለ ነበር። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ግን ለባልቴቲቱ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚከፍላቸው ሌላ ነገር ነበረበት፤ እርሱም ያወቀው ነገር ነው።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፉ በአሥራ ሦስተኛው ክፍል ስለሚያውቀው አንድ ሰው ይናገራል። ሰውየው መጽሐፍ ለሽያጭ ቀረበለት፤ ሻጩ ዋጋውን ባለማወቁ እጅግ ጥቂት ጠየቀ፤ እርሱ ግን ሻጩ ሳያስበው ተገቢውን ዋጋ ከፈለው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እርሱ የገዛው አንድ መጽሐፍ ነው፤ እኔ የምገዛው አንድ ገንቦ ሙሉ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለአንድ ዕቃ ቸር መሆን ይቀላል። ጅምላ ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ ያለችው ትንሽ ልዩነት በአራት መቶ ተባዝታ የወፍጮ ዋጋ ትሆናለች፤ ኅሊናም የሚከብደው በዚያው ልክ ነው።

ሆኖም ለወዳጄም ፍትሕ ይገባዋል። ከገንቦው ውስጥ ሐሰተኛ ብር ቢገኝ የሚከስረው እርሱ ነው። ሚዛኑ፣ ወደ ከተማ የሚደረገው ጉዞ፣ ገዢ እስኪገኝ ገንዘቡ ታስሮ መቆየቱ፣ ይህ ሁሉ ድካም ነውና በብር ሠሪው ዋጋና በሚከፍለው መካከል ልዩነት ቢኖር ነውር የለበትም። ነውሩ ልዩነቱ ከድካሙ ሳይሆን ከባልቴቲቱ አለማወቅ ሲመጣ ነው። ልኩ የት ላይ እንደሆነ በቁጥር ልነግረው አልቻልኩም። «ሒሳብህን በፊታቸው ብትናገር የምታፍርበት ከሆነ በዝቷል» አልኩት፤ ከዚህ የተሻለ መስፈሪያ አላገኘሁም።

ደግሞም ሻጩ ማን ነው? ገንቦውን የቀበሩት የባላቸው አባት ከሆኑ፣ የባላቸው እኅቶችና ወንድሞች፣ እነርሱም ቢያልፉ ልጆቻቸው ድርሻ አላቸው። ወዳጄ ይህን አልጠየቀም ነበር። ጥንታዊ ቅርስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ሌላ ይሆን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ላስረከበውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በየመን በአል ማዳሪባ 1194 የወርቅ ገንዘቦች በአንድነት ተገኙ፤ ከእነዚህ 326ቱ የአክሱም፣ የቀሩት የሮማ ነበሩ። ሁለቱ አብረው በመገኘታቸው ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ብዙ ሊታወቅ ቻለ። እየተመረጡ በየኪሱ ቢበተኑ ኖሮ ወርቁ ወርቅ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የሚናገረው ግን በጠፋ። የጠገራ ገንቦም በትንሹ እንዲሁ ነው። ወዳጄ ባየው መካከል በፓሪስ የተመቱ፣ አንበሳ ያለባቸው የዳግማዊ ምኒልክ ብሮችም ነበሩ፤ ሰብሳቢዎች እነዚህን ከሚዛናቸው በላይ ይገዟቸዋል። እርሱም እነዚህን ለይቶ ሌላውን ለማቅለጥ አስቦ ነበር። ይህን ዕቅድ ለባልቴቲቱ ነግሯቸው እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ መልሱ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ከመሄዱ በፊት ጠገራውን አንሥቼ ዙሪያውን አሳየሁት። በጠርዙ ላይ በላቲን ቋንቋ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ፤ የንግሥቲቱ መመሪያ ነበር። ስንት ጊዜ በእጁ እንዳገላበጠው ነገረኝ፤ ጠርዙን ግን አላየውም ነበር።

በሳምንቱ ባልቴቲቱን ከልጃቸው ጋር ይዟቸው ወደ ብር ሠሪው ሄደ። «እትዬ፣ ሚዛኑን እርስዎ ይዩት» ብሎ አንድ በአንድ በፊታቸው አስመዘነ። ሦስቱ ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። ባልቴቲቱ ዋጋውን በሰሙ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አሉ፤ ከዚያም፣ «እንግዲያስ ልጄ፣ ለጣሪያው የሚበቃኝን ያህል ቆጥረህ ውሰድ፤ የቀረውን ለባሌ ወገኖች ሳልነግር አልሸጥም» አሉት። ወዳጄም ቆጥሮ ከፈላቸው፤ የምኒልኮቹን አልነካም። ወፍጮው እስከ አሁን አልተተከለም። በቅዳሴ ማግሥት ሲያገኘኝ፣ «የአንተ ምክር ውድ ነው» ይለኛል፤ ቀልድ ይሁን ቅሬታ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።