እኩል ያልሆነ ድርሻ

ሁለት ሰዎች አዋጥተው የገዙትን በሬ አንደኛው አብዛኛውን ቀን ለራሱ እርሻ ቢጠምደው፥ ነገሩ ሽርክና ነው ወይስ ቅሚያ? ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ በኬሚስትሪም ውስጥ አምሳያ አለው።

አሜሪካዊው ሊቅ ላይነስ ፖሊንግ አቶሞች በትስስር ውስጥ ኤሌክትሮንን ወደ ራሳቸው የመሳብ ችሎታቸውን እ.ኤ.አ. በ1932 በቁጥር መዘነ። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ በተባለው በዚህ መለኪያ የፍሎሪን ልክ 4.0 ያህል፥ የኦክሲጅን 3.4፥ የሃይድሮጂን 2.2፥ የሶዲየም 0.9 ነው። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ሲሆን፥ በገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየም ለክሎሪን እንደሚያደርገው፥ አንዱ ኤሌክትሮኑን ለሌላው ይለቃል። ልዩነቱ መካከለኛ ሲሆን ግን፥ በውሃ ውስጥ እንደምናየው፥ ኤሌክትሮኖቹ የጋራ እንደሆኑ ወደ ኦክሲጅን ያደላሉ።

እንግዲህ ውሃ የአድልዎ ልጅ ነው። ኦክሲጅኑ ጥቂት አሉታዊ፥ ሃይድሮጂኑ ጥቂት አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዙ፥ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጂን የጎረቤቱን ኦክሲጅን ይስባል። ይህ መሳሳብ ባይኖር ውሃ በምድራችን ሙቀት ተን ሆኖ በቀረ፥ ባሕርም ወንዝም ባልኖሩ ነበር።

ታዲያ ብርቱው አብልጦ መውሰዱ የተፈጥሮ ሕግ ነውና ትክክል ነው እንበልን? የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ከማስቀረቱ በፊት፥ አራሹ ያመረተውን እህል ሲያካፍል፥ እንዲህ ያለው ማስረጃ ለባለመሬቱ ምንኛ በተመቸው ነበር! ዳሩ ግን ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይሰበራል። አቶም አይመርጥም፤ ስለማይመርጥም አይወቀስም፥ አይመሰገንምም። ሃይድሮጂን ኤሌክትሮኑ ስለተሳበበት አልተራበም። ጢሰኛው ግን ልጆች ነበሩት።

ፖሊንግ ራሱ ይህን ልዩነት በኑሮው አሳይቷል። ስለ ኬሚካዊ ትስስር ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. የ1954ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሰው፥ የኑክሊየር ቦምብ ሙከራ እንዲቆም የሚጠይቅ፥ ከ9 ሺህ በላይ ሳይንቲስቶች የፈረሙበት ሰነድ በ1958 ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቀረበ። የ1962ም የሰላም ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የአቶምን ጠባይ ጠንቅቆ ቢያውቅም፥ ሰው በአቶም ምን ሊያደርግበት እንደሚገባ አቶምን አልጠየቀም።

ሆኖም ከዚህ መለኪያ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ብቻውን የቆመ አቶም የሚካፈለው ነገር የለምና ስስቱ አይታወቅም። የእኛም ልግስና ሆነ ንፍገት የሚለካው ከሌላው ጋር በጋራ በያዝነው ነገር ላይ ነው። አቶም ስበቱን ሊያላላ አይቻለውም፤ ሰው ግን የዘረጋውን እጅ ሊመልስ ይችላል። ተጠያቂነቱም ከዚያ ይጀምራል።